በካውንስሊንግ ሦስተኛ ዲግሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ በአማካሪነት ከሚሠሩት መካከል አሜሪካ ሄደው በካውንስሊንግ ፒኤችዲ ለመማር የሚያስቡ አሉ። ብዙ ጊዜ ወደኋላ የሚያስቀራቸው የሰሙት የተሳሳተ ወሬ እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ካክሬፕ የተባለው የሙያው ዕውቅና ሰጪ አካል ባወጣው መመዘኛ የሚሠሩትን የአሜሪካ ፕሮግራሞች ይመለከታል።

«ማስተርስ ካለኝና ሲጂፒኤዬ ጥሩ ከሆነ ይበቃል»

አይበቃም። መመዘኛው ዶክትሬት የሚገባ ሰው ካክሬፕ ለማስተርስ የሚጠይቀውን ትምህርትና የተግባር ልምምድ ያሟላ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ማስተርስ 60 ክሬዲት ነው። በውስጡ 100 ሰዓት ፕራክቲከም፣ ማለትም በክትትል የሚደረግ የመጀመሪያ ልምምድ (40ው ከተመካሪ ጋር ፊት ለፊት)፣ እና ከዚያ የሚቀጥል 600 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ ወይም ኢንተርንሺፕ (240ው ፊት ለፊት) አለ። የእኛ ማስተርስ ክሬዲቱ ያነሰ ነው፤ የልምምድ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ በሰነድ አልተያዘም። የጎደለው ከተቀባይነት በኋላ ተጨማሪ ኮርስ ሆኖ ይመጣል፣ አለዚያም ማመልከቻው እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ አሁን በሥራ ላይ ያለ አማካሪ ዛሬውኑ የሰዓት መዝገብ ይጀምር። ለዚህ አንድ ሉህ ይበቃል፦ ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የግል ወይም የቡድን፣ ቀጥተኛ ወይም ቀጥተኛ ያልሆነ፣ የሱፐርቫይዘር ፊርማ። ከተማሪ ጋር 50 ደቂቃ መመካከር ቀጥተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ለመጻፍ የፈጀው 20 ደቂቃ ቀጥተኛ ያልሆነ ነው። ያረፈዱትን መመዝገብና ፈተና መፈተን አይቆጠርም። የተመካሪው ስም ሉሁ ላይ አይገባም። ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ጠዋት በእኛ «3፡00» ተብሎ የተጻፈውን እዚያ ያለ አንባቢ ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ነው የሚረዳው። ፊርማው በየሳምንቱ ይሁን። የዓመቱ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ የተፈረመ መዝገብ ማንንም አያሳምንም።

«ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂም ያው ነው»

የተለያዩ ዲግሪዎች ናቸው። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና የሚሰጠው፣ የአንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ ኢንተርንሺፕ ያለበት፣ ወደ ሳይኮሎጂስትነት ፈቃድ የሚወስድ መንገድ ነው። ካክሬፕ ዕውቅና የሚሰጠው «ካውንስለር ኤዱኬሽን ኤንድ ሱፐርቪዥን» ደግሞ አማካሪዎችን የሚያስተምሩና የሚከታተሉ ባለሙያዎችን ያፈራል። ለአንዱ የተጻፈ የዓላማ መግለጫ (ለምን መማር እንደሚፈልጉ ከማመልከቻው ጋር የሚላክ ጽሑፍ) ለሌላው ሲላክ ገምጋሚው ከመጀመሪያው አንቀጽ ያውቀዋል።

«የዓላማ መግለጫው ላይ ሕዝቤን ላገለግል እፈልጋለሁ ማለት ነው»

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ገምጋሚዎች የሚፈልጉት ከመምህራኖቻቸው የምርምር መስክ ጋር የሚገጥም ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ እየተላከላቸው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች አሉ። ጭንቀት ሲበዛባቸው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው ነው ወይስ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ? ለምን? እንዲህ ያለ ጥያቄ አመልካቹ ቦታውን እንደሚያውቅ ያሳያል፤ ሊጠናም ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ስምዎን ብቻ ከሚያውቅ ዲን ይልቅ የምክር ሥራዎን ቁጭ ብሎ ያየ ሱፐርቫይዘር ይጻፍልዎ።

«ዶክትሬት ማለት ዲዘርቴሽን ነው»

ዲዘርቴሽን፣ ማለትም የመመረቂያው የምርምር ጽሑፍ፣ ብቻ አይደለም። ከማስተርስ በላይ ቢያንስ 48 የሴሚስተር ክሬዲት አለ። 100 ሰዓት ፕራክቲከም አለ፤ ከዚህ ውስጥ 40ው ፊት ለፊት ነው። ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይከተላል። ይህም ከምክር፣ ከማስተማር፣ ከሱፐርቪዥን፣ ከምርምር፣ ከአመራርና ጥብቅና ቢያንስ ሦስቱን ይሸፍናል። ኮርስ ሲያልቅ አጠቃላይ ፈተና፣ ቀጥሎ ፕሮፖዛል፣ መጨረሻ ላይ ዲዘርቴሽኑን መጻፍና በገምጋሚዎች ፊት መከላከል ይመጣሉ።

ጎጃም መጥተው መረጃ ለመሰብሰብ የሚያስቡ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ሳይፈቅድ የተሰበሰበ መረጃ ለዲዘርቴሽኑ አያገለግልም፤ ክረምቱን በእረፍት መጥቶ መጠይቅ በትኖ መመለስ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ወደ አማርኛ የተተረጎመ መጠይቅም ዋናውን ባላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ተተርጉሞ መነጻጸር ይገባዋል።

«ዶክተር ስሆን የመሥራት ፈቃድ አብሮ ይመጣል»

አይመጣም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ ፈተናና ከምረቃ በኋላ በክትትል የተሠራ ሰዓት ይጠይቃል።

«ጂአርኢ ግዴታ ነው»

ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጥ አጠቃላይ ፈተና ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል፤ የየፕሮግራሙን መስፈርት ማየት ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው የቶፍል ውጤት ግን የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው።

«ሰነድ መጨረሻ ላይ ይደርሳል»

የብዙ ፕሮግራሞች ቀነ ገደብ በፈረንጆቹ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ነው፤ የሰነዱ ሥራ ግን ክረምት ላይ መጀመር አለበት። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ሰው የያዘው ጊዜያዊ ዲግሪ ነው፤ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ክፍያው ሳያልቅ አይወጡም። ስምዎ በፓስፖርትና በትራንስክሪፕት ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል ያረጋግጡ። «ፀሐይ» አንዱ ላይ በአንድ መልክ፣ ሌላው ላይ በሌላ መልክ ከተጻፈ ሰነዱ የሌላ ሰው ይመስላል። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ማመልከቻውን ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይላኩ።