የኢነርጂ ብቃት ምርምር ምንድን ነው? ከምጣዳችን እንጀምር

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። 4,000 የሚጠጋም አለ። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ካላችሁ፣ ምጣዱን ስትሰኩ 350 አምፖል አንድ ላይ አበራችሁ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ከጋገራችሁበት ደግሞ 7 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ላይ ሄደ።

ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል። ከዚያ 7 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ እንጀራው ላይ የዋለው ስንቱ ነው? ቀሪውስ የት ገባ? መቀነስስ ይቻላል? ይህን በግምት ሳይሆን በሚዛን፣ በቴርሞሜትርና በቆጣሪ የሚመልሰው ሥራ የኢነርጂ ብቃት ምርምር ይባላል።

ብዙ ሰው ብቃትን ከመቆጠብ ጋር ያምታታዋል። መብራት አጥፍቶ መቀመጥ፣ በሳምንት ሁለቴ ይጋገር የነበረውን ወደ አንድ ማውረድ፣ ይሄ መቆጠብ ነው፤ አንዳንዴም መቸገር ነው። ብቃት ግን ያንኑ እንጀራ፣ በዚያው ብዛት፣ ዓይኑም ሳይጠፋ፣ ባነሰ ኃይል ማውጣት ነው። እኔ ስለዚህ ጉዳይ እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ቀድሞውንም ትንሽ የሚጠቀመውን ሰው ጭራሽ ቀንስ የማይል መንገድ ስለሆነ።

እስቲ ምጣዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሽቦው የሚቀመጠው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ነው። ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ በዚያ ላይ ወፍራምና ከባድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ያ ሁሉ ኃይል የሚሄደው ሸክላውን ለማሞቅ ብቻ ነው። ከሥር ሙቀት የሚይዝ ነገር በደንብ ካልተደረገበት፣ የምጣዱን ሆድ ስትነኩት ያቃጥላል። የሚያቃጥላችሁ እንግዲህ የከፈላችሁበት ኤሌክትሪክ ነው። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ይዞት የሚወጣ አለ። የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላም ምጣዱ ረዘም ላለ ጊዜ ትኩስ እንደሆነ ይቆያል፤ ያም ባክኗል። ብዙው ምጣድ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው፣ ጋጋሪዋ ሲበዛባት ነቅላ ሲያንሳት ትሰካለች።

እነዚህ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው መፍትሔ ይኖራቸዋል። ሸክላውን ማሳሳት፣ ሽቦውን ወደ ላይ ማቅረብ፣ ከሥር መሸፈን፣ መቆጣጠሪያ መግጠም። ግን ሸክላው ሲሳሳ ይሰነጠቃል ወይ? እንጀራው መሃሉ ላይ አሮ ዳሩ ላይ ሊጥ ይሆናል ወይ? ዋጋውስ ስንት ይጨምራል? ይህን ሁሉ ሠርቶ፣ ሰብሮ፣ ደግሞ ሠርቶ ማየት ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል።

ገንዘቡን ማን ያውጣ? ምጣድ የሚሠሩት ትናንሽ ወርክሾፖችና ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው፤ ላቦራቶሪ የላቸውም። አንዱ ወርክሾፕ እንደምንም ብሎ የተሻለ ምጣድ ቢያወጣ እንኳ ጎረቤቱ በሳምንቱ ይገለብጠዋል። የውጭ ትልልቅ ኩባንያዎችስ? ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ልብስ ማጠቢያ ብዙ መርምረዋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ምጣድ ላይ እርሾ ያለው ቀጭን ሊጥ መጋገር ግን ከእኛና ከኤርትራውያን ሌላ የማንም የዕለት ጉዳይ አይደለም። ጥቅሙ ደግሞ ለአንድ ሻጭ አይገባም፤ ማገዶ ለምትሸከመው ልጅ፣ ለደኑ፣ ለመብራት መስመሩና ጭስ ለሚውጠው ሳንባ ይበተናል። የሕዝብ ገንዘብ ካልገባበት የሚሠራው የለም የምንለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ተሠርቶ የታየ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር የነበረው የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የዓለም ባንክ በደገፈው ፕሮጀክት ውስጥ «ምርጥ» የተባለውን የማገዶ ምድጃ አወጣ። አራት ቅስት ክፍሎች ገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ የድስት መቀመጫ ይሆናሉ። የሚሠራው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱ በየአቅጣጫው እየተላሰ ነፋስ የሚወስደው ሙቀት፣ እዚህ ተከልሎ ምጣዱን ይመታል፤ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ደግሞ ከኋላ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በዚያው ዘመን ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ተወስዳ ለእኛ አበሳሰል የተስተካከለችው «ላቀች» የተባለች የከሰል ምድጃም አለች፤ እሷም ከሰልን በሩብ ገደማ ትቀንሳለች። በኋላ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ምርጥ ምድጃን በየገጠሩ የሚያመርቱ ሰዎችን እያሠለጠነ ብዙ ቦታ አደረሰው።

«እስከ ግማሽ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ደስ ይላል፤ እኔ ከምርምሩ ሁሉ የምወደው ክፍልም ይሄ ነው። መደበኛው የምድጃ መፈተኛ የውኃ ማፍላት ሙከራ ነበር፤ የታወቀ መጠን ውኃ ታፈላለህ፣ የነደደውን እንጨት ትመዝናለህ። ለእንጀራ ግን አይሆንም፤ ምጣድ ላይ ውኃ አይፈላም። ስለዚህ ትክክለኛ ጋጋሪ ትጠራለች። ሊጡ ይመዘናል። እንጨቱ ይመዘናል፤ እርጥበቱም ይለካል፤ ምክንያቱም እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ የተወሰነውን የራሱን ውኃ ለማትነን ይጨርሳል። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ትጋግራለች፤ ማንም አይመራትም። ሲያልቅ የተረፈው እንጨትና ፍም ተመዝኖ ይቀነሳል፤ እንጀራውም ይመዘናል። ከዚያ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት ነደደ የሚለው ይወጣል። ያችው ጋጋሪ፣ ያንኑ ሊጥ፣ በጉልቻም በአዲሱ ምድጃም ደጋግማ ትጋግራለች። የእሷ እጅ ከመለኪያው መሣሪያ እኩል ዋጋ አለው፤ እሳት መቆስቆስ የማያውቅ መሐንዲስ ቢጋግር ቁጥሩ ሌላ ነው የሚሆነው።

ይሄም ግን አይበቃም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጥሩ የሆነ ምድጃ ቤት ሲገባ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የምጣዱ ስፋት ከምድጃው ጋር ካልገጠመ ጭሱና ሙቀቱ በክፍተቱ ይወጣል። ቤተሰቡ ለእንጀራ አዲሱን፣ ለቡናና ለወጥ የድሮውን ጉልቻ ይጠቀማል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ማገዶው ስለተረፈለት ድሮ ያላበሰለውን ያበስላል፤ በልቶ ማደር ስለሆነ እኔ በበኩሌ እንደ ብክነት አላየውም፤ ቁጥሩ ላይ ግን ይታያል። ስለዚህ ሦስተኛ ሙከራ አለ፦ ምድጃውን ለቤተሰቡ ሰጥቶ፣ ለቀናት በየዕለቱ ማገዶውን ብቻ እየመዘኑ ኑሯቸውን እንደወትሮው እንዲኖሩ መተው። ስለ አንድ ምድጃ «ይህን ያህል ይቆጥባል» ሲባል ከሦስቱ በየትኛው ተለክቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውጭ አገር ገንዘቡ እንዴት እንደተመለሰ ላሳያችሁ፤ ዓመቶቹ እዚህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ መንግሥት ለዚህ ምርምር ገንዘብ መመደብ ጀመረ። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ውስጥ አርት ሮዘንፌልድ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ ነው፤ የአቶም ቅንጣት ማጥናቱን ትቶ ወደ መስኮት፣ አምፖልና ሕንፃ ዞረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአንድ አሜሪካዊ ቤት ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) በዓመት 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር። አሁን ያለው ሰፋ ብሎም 500 አካባቢ ነው። ምርምሩ የተሻለ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ፍሪጁን የሚያቀዘቅዘውን ሞተር፣ አመጣ፤ ሕጉ ደግሞ አባካኙን ከገበያ አስወጣ፤ አንዱ ያለ ሌላው ይህን ያህል አይሄድም ነበር። በ2001 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሒሳቡን ሲመረምር፣ ከ1978 ጀምሮ ለብቃት ምርምር የወጣው 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ 30 ቢሊዮን የሚሆን ጥቅም እንዳስገኘ አገኘ። ትልቁ ድርሻ የመጣው ብዙም ካልወጣባቸው ሦስት ሥራዎች ነው፦ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር፣ የፍሎረሰንት መብራት ኤሌክትሮኒክ ባላስት (ወደ መብራቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ክፍል) እና ሙቀት የማያስወጣ የመስኮት መስታወት።

ወደ ምጣዳችን ስንመለስ፣ የእኛ ኮምፕሬሰር እሱ ነው። ሒሳቡን ልሥራላችሁ። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ 3,500 ሜጋዋት ይፈልጋል። ሕዳሴ ግድብ ያለው ጠቅላላ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ የሚፈነዳው ወይም መብራቱ ደብዘዝ የሚለው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል። እያንዳንዱ ምጣድ የሚስበውን በአንድ አምስተኛ ብንቀንሰው ደግሞ ከዚያው ላይ 700 ሜጋዋት ይተርፋል፤ የተከዜ ግድብ 300 ሜጋዋት ነው። ግድብ ሳይገደብ የሚገኝ ኃይል ማለት ይሄ ነው።

ሰው አልተቀመጠም። የአዲስ አበባና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንፋሎትና በፀሐይ ሙቀት እስከመጋገር ድረስ ሞክረዋል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረትም የኢነርጂ ብቃትን የሚመለከት ባለሥልጣን ተቋቁሟል። በእኔ እምነት ግን የሚቀረው ትልቁ ነገር እነዚህን ውጤቶች ወርክሾፑ ድረስ ማድረስ ነው፤ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ምጣዱ ያው የድሮው ነው።

እስከዚያው ቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ካርድ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ነቅላችሁ ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ያለውን ኪሎዋት ሰዓት ጻፉ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ጻፉና ልዩነቱን ለእንጀራው ብዛት አካፍሉ። በሚቀጥለው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ምጣዱን ንቀሉና በቀረው ሙቀት ጋግሯቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። አዲስ ምጣድ ስትገዙም ነጋዴውን «ለ30 እንጀራ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል?» በሉት። መልስ ባይኖረውም ጥያቄውን ደጋግሞ ከሰማ ከአምራቹ መጠየቁ አይቀርም።