ለማይለቅ ሕመም የእጅ ጽሑፍ፦ ለታመመ ሰው ካርድ መላክ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እገሌ ታመመ ከተባለ መጀመሪያ የሚደረገው ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ወረቀት ላይ ጽፎ መላክ ከዛ በኋላ ነው የሚታሰበው። ግን ስኳር፣ ኩላሊት፣ የልብ በሽታ፣ አስም፣ ካንሰር፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ እንዲህ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሕመም ሲሆን ነገሩ ይለያል። ጠያቂ የሚበዛው በመጀመሪያው ሰሞን ነው፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ብርቱካኑ ሙዙ ይደረደራል፣ ከዛ ወር ሁለት ወር ሲያልፍ ሰው ወደየኑሮው ይመለሳል፣ ስድስተኛው ወር ላይ በቃ ታማሚው ከነሕመሙ ይለመዳል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እርሻ አለ፣ ልጅ አለ፣ ገበያ አለ። በእጅ የተጻፈ ካርድ ቦታው እዚህ ጋ ነው፣ ጠያቂ በሳሳበት ጊዜ። ካርድ ስል የግድ ሱቅ የሚሸጠውን የሚያብረቀርቀውን ማለቴ አይደለም፣ አንድ ሉክ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት፣ ቢቻል አበባ ምናምን የተሳለበት፣ መልስ ሳይጠበቅበት ለታመመ ሰው የሚላክ ነገር ሁሉ ይጠቃለላል።

የታመመ መጠየቅ በዚህ አገር ወግ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ዕድሩ ይጠይቃል፣ ማኅበርተኛው ይጠይቃል፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ክርስቲያኑ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ላይ ያለውን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ነው የሚያድገው፣ በይፋት በኩል በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ዙሪያ ያለው ሙስሊምም የታመመን መጠየቅ አንዱ ሙስሊም በሌላው ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የደግነት ማነስ አይደለም። ወጉ የተሠራው ሰው ወይ ድኖ ለሚነሳበት ወይ ለሚያርፍበት አጭር ሕመም ነው፣ አሁን ግን መድኃኒት እየወሰደ፣ ክትትል እያደረገ፣ ደህናም ሳይሆን ሳይሞትም አሥር አሥራ አምስት ዓመት የሚኖር ሰው በየቀበሌው አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው፣ ያኔ መድኃኒቱን ጀምረው ዛሬም እየሠሩ ልጅ እያሳደጉ ያሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች በየወሩ በር አንኳኩቶ «እንዴት አደርክ፣ ሕመሙስ» ማለት አንዳንዴ እነሱንም ያደክማል፣ ቡና ማፍላት አለ፣ ልብስ መቀየር አለ፣ ደህና መምሰል አለ። ወረቀት ይሄን ሁሉ አይጠይቅም።

የጽሑፍ መልእክት ለሸዋ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ዓለም የሚልከው የታተመ የገና ካርድ የመጀመሪያው የወጣው በ1843 እ.ኤ.አ ለንደን ላይ ነው፣ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ለየብቻ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ሲያጣ ሠዓሊ ቀጥሮ ያሠራው። በዛው ሰሞን አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መልእክተኞች ጋር ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር፣ ወረቀቱም ከተራራው ወርዶ አፋርን አቋርጦ ታጁራ ባሕር ድረስ በሰውና በግመል ነበር የሚሄደው። የድሮው አማርኛ ደብዳቤ አከፋፈት ራሱ ጤና መጠየቅ ነው፣ «ይድረስ ለ…» ካለ በኋላ «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል፣ ነገሥታቱም እንዲህ ነበር የሚጽፉት። እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ በ1886 ዓ.ም የአገሪቱን ፖስታ አቋቋሙ፣ በ1901 ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዛ ደግሞ ብዙ ቆይቶ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ድረስ ገብቶ አዋቂውን ፊደል አስቆጠረ፣ ዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት አልፏቸው «ያኔ በማታ የተማርኩት ነው» እያሉ ደብዳቤ የሚያነቡ እናቶች የዛ ፍሬ ናቸው።

ካርዱንም ቢሆን ከውጭ መጣ ለማለት እኔ አልቸኩልም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆች ወረቀት ላይ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ስለው በየቤቱ ይዞራሉ፣ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ብለው ያስረክባሉ፣ ሰውም ሳንቲም ይሰጣቸዋል፣ ስዕሉን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፣ ዓመቱን ሙሉ እዛው ይውላል። ይሄ በእጅ የተሠራ ካርድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው። ለታመመ ሰው ካርድ ላክ ሲባል ግራ የሚገባው ሰው ካለ ከዚህ ቢጀምር ይበቃዋል፣ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ይሳል፣ ትልቁ ሰው ከሥሩ ሦስት መስመር ይጻፍ።

አላላኩ ላይ ሰሜን ሸዋ የራሱ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ፖስታ ደብዳቤን በአብዛኛው በየሰው ቤት ስለማያድል ፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ወይ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል፣ ገጠር ላለ ሕመምተኛ ይሄ ብዙም አይሆንም፣ አንዳንዱ በትምህርት ቤት ወይ በቤተ ክህነት ሳጥን በኩል ያደርጋል። አብዛኛው ግን በሰው እጅ ነው የሚሄደው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ አውቶብስ ረዳት፣ ጣርማ በር ላይ ወርዶ ወደ ሞላሌ የሚታጠፍ መንገደኛ፣ ዓለም ከተማ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ የሚወርድ የሚወጣ ነጋዴ፣ አንኮበር ለንግሥ የሚሄድ ዘመድ፣ እነዚህ ናቸው ፖስተኞቹ። ብዙ ጊዜ ካርዱ ለብቻው አይሄድም፣ የደብረ ሲና ቆሎ ወይ ከሸዋ ሮቢት ሎሚ ይታከልበታል። ፖስታው ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ ከዛ «እገሌ ወፍጮ ቤት አጠገብ» ወይም «የእገሌ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ» ተብሎ ይጻፋል፣ የተቀባይ ቤተሰብ ስልክም ቢጨመር ይሻላል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ መንገድም እየተዘጋ ሲከፈት በቴሌግራም «ደህና ነህ ወይ» ማለት የለመደው ሁሉ እንደገና ወደ ወረቀት የተመለሰበት ጊዜ ነበር፣ መድኃኒት ለመውሰድ ከተማ መግባት ያቃተው ሕመምተኛ ደግሞ ያኔ ነበር ሰው የሚያስፈልገው።

መንዝ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፣ ማንበብ አይችሉም፣ አዲስ አበባ ካለችው ልጃቸው የሚመጣውን ወረቀት የምታነብላቸው ሰባተኛ ክፍል ያለች የልጅ ልጃቸው ናት። ልጅቷ መጀመሪያ በራሷ ዓይን ትወርድበታለች፣ ከዛ ጮክ ብላ ትጀምራለች፣ እሳቸው ባናቸውን ደርበው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰላምታው ላይ ለእያንዳንዱ «አሜን» ይላሉ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ የተጻፈው ጋ ሲደርስ «ቆይ እሱን ድገሚው» ይላሉ። ስለ ስኳሩ የተጻፈ ነገር ካለ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ከዛ ወረቀቱ ተጣጥፎ ከመድኃኒት ካርቶኑና ከቀጠሮ ወረቀቱ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ይወጣል፣ እንደገና ይነበባል። ስልክ ሲደወልላቸው ግን «ደህና ነኝ፣ ብሩ አይቁጠርብሽ» ብለው በሁለት ደቂቃ ነው የሚዘጉት። ይሄን አይቼ ነው ወረቀት ለታመመ ሰው ስልክ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል የምለው፣ ደግሞ ደጋግሞ መስማት የሚቻል መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ አገር ይሄን ነገር በጥናት አይተውታል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጄሮም ሞቶ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በከባድ ድብርት ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ክትትል አንፈልግም ያሉ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ፣ ለአንዱ ክፍል ለአምስት ዓመት አጫጭር ደብዳቤ ተላከ፣ «እንዴት ነህ፣ አስበንሃል» ከማለት ብዙ የማይዘል፣ ምንም የማይጠይቅ፣ ለሌላው አልተላከም። ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ላይ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ራስን የማጥፋት ሞት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። አውስትራሊያ ኒውካስል ላይ ደግሞ ሆን ብለው መርዝ ወስደው ሆስፒታል ለገቡ ሰዎች በ12 ወር ውስጥ 8 ፖስት ካርድ ተላከ፣ ድርጊቱ የተደጋገመበት ቁጥር ካልተላከላቸው ጋር ሲነፃፀር በግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። እነዚህ ስለ አእምሮ ሕመም ናቸው፣ ካርድ ኩላሊት ያድናል የሚል የለም፣ ደግሞ የሞቶ ደብዳቤዎች በታይፕ የተጻፉ ነበሩ። ግን መልስ የማይጠይቅ አጭር ወረቀት በተደጋጋሚ መድረሱ ሰውን እንደሚይዝ ያሳያሉ። እንግሊዝ ውስጥም «ፍሮም ሚ ቱ ዩ» የሚባል ካንሰር ለያዛቸው ሰዎች በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያደርስ በጎ አድራጎት አለ፣ የተነሳውም አንዲት ሴት ለታመመ ጓደኛዋ ትጽፍ ከነበረው ደብዳቤ ነው።

አጻጻፉ ላይ ሰው የሚቸገረው ምን ልበል ብሎ ነው። እንዲያውም ስለ በሽታው ብዙ አለማውራት ይሻላል። ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ ከሐኪሙም ከጠያቂውም በቂ ሰምቷል፣ የናፈቀው የውጪውን ወሬ ነው፦ ጅሩ ላይ ስንዴው እንዴት እንደያዘ፣ ማን እንደወለደች፣ ዘንድሮ የጥምቀቱ ታቦት በየት እንደሄደ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ኅዳር ላይ ምን እንደሠራን። አንድ ትዝታ ቢጨመርበት ደግሞ ወርቅ ነው፣ «ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆነን አንተ ጫማህን ሰጥተኸኝ» የሚል ዓይነት፣ ሰውየው ከሕመሙ በፊትም ሰው እንደነበረ ያስታውሰዋል። ምርቃቱ ይቀመጥ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርሽ»፣ ይሄ የሚጎዳ ነገር የለውም፣ እንዲያውም ከሌለ ወረቀቱ ባዶ ይመስላል። መቅረት ያለበት ሌላ ነው። «እስካሁን አልተሻለህም እንዴ»፣ «እንዲህ ከስተሽ ሳይሽ አለቀስኩ»፣ «የእገሌ አጎት በዚሁ በሽታ ነው የሞተው»፣ ይሄ ጠያቂ አልጋ አጠገብ ሲናገረውም ያማል፣ ተጽፎ ሲቀመጥ ደግሞ ሁልጊዜ እዛው ነው። ጠንክር ጠንክር ማለት ራሱ ሲበዛ ሸክም ነው፣ የደከመው ሰው እንዳልጠነከረ ሲያስብ ያፍራል።

ከሁሉ የሚከፋው የሕክምና ምክር ነው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሳምንታት የሚቀመጡ ብዙ ሕመምተኞች አሉ፣ ካርድ በተሳላሚ እጅ ይደርሳቸዋል፣ ጠበል ቦታ ያለ ሰው ከቤቱ ርቆ ስለሆነ ከማንም በላይ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ «ክኒኑን ተወውና በእምነትህ ጽና» ብሎ መጻፍ ሰው መግደል ነው፣ ኢንሱሊን ያቆመ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያቋረጠ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የተወ ሰው ምን እንደሚሆን ይታወቃል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን መድኃኒቱን እየወሰዱ ጠበል መጠመቅ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፣ ይሄን ማስታወስ ይበቃል።

ምስጢርም አለ። ካርዱ በአምስት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው፣ ረዳቱ አለ፣ ሱቅ ያለው ልጅ አለ፣ ስለዚህ ፖስታው በኮላ ይታሸግ፣ የበሽታው ስም ከላይም ከውስጥም አይጻፍ፣ በተለይ ኤችአይቪና የሚጥል በሽታ ላይ የሰው ወሬ ከበሽታው ብሶ ትዳር ያፈረሰበት፣ ቤት ያስለቀቀበት ጊዜ አለ። በተቃራኒው ደግሞ ሕመምተኛው የነካውን ወረቀት የሚፈራ ሰው ያጋጥማል፣ ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በደብዳቤ አይተላለፍም፣ ኤችአይቪም በወረቀት አይተላለፍም፣ መልስ ከመጣ ያለ ሐሳብ ይነበብ። የዓይን ችግር ያለበት ስኳር ታማሚ ከሆነ ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ በጥቁር እስክሪብቶ ይሁን። ስስ ሉክ በሁለት ፊት ሲጻፍበት ቀለሙ ወደ ኋላ ይወጣና አይነበብም፣ አንድ ፊት ይበቃል።

በብዛት የሚጽፈው ዘመድ ነው፣ ግን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ የቀይ መስቀል ክበቦችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለዚህ ነገር የተመቹ ናቸው፣ ወረቀት አለ፣ ልጅ አለ፣ ጊዜ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር ካርድ ማድረስ ለሷ ከባድ አይደለም፣ ማን እንደታመመ መናገር ግን አትችልም፣ ፈቃዱን መጀመሪያ ከሕመምተኛው መቀበል አለባት። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝቶ ያለ ሰው ከሆነ ለአስታማሚው መስጠት ነው። ኩላሊት እጥበት ያለበት ሰው ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በእያንዳንዱ ለአራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ለዚህ ብሎ አገሩን ለቆ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አለ፣ እዛ ወንበር ላይ የሚነበብ ነገር ያስፈልገዋል፣ ረዘም አድርጎ መጻፍ የሚያዋጣው ለሱ ነው፣ ለሌላው ግማሽ ገጽ ይበቃል።

መቼ ይላክ ለሚለው፣ በዓል ላይ ሁሉም ያስታውሳል፣ ባዶ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ መንገዱ ጭቃ፣ ጣርማ በር ጉም፣ አስምና ቁርጥማት የሚብስበት፣ ጠያቂም የማይወጣበት። ክትትል ያለው ሰው በወር ወይ በሦስት ወር አንዴ ቀጠሮ ስላለው ቀኑን ከቤተሰቡ ጠይቆ ሳምንት ሲቀረው እንዲደርስ አድርጎ መላክ ደግሞ ሌላው ጥሩ ጊዜ ነው፣ የምርመራ ውጤት የሚጠበቅበት ሳምንት ስለሆነ፣ ዝናብ ከሆነ ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ለረዳቱ ይሰጥ።