የአንበሳ ቆዳ የደፋው ሰው እስክንድር አይደለም

በአሮጌ ሳንቲም እንደምነግድ የሰማ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ይደቅንብኛል፦ የአንበሳ ቆዳ የደፋ የወጣት ራስ፣ በብር። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ታላቁ እስክንድር ነው አይደል?»

አይደለም። በግሪኮች ተረት የታወቀው ኃያል ጀግና ሄርኩለስ ነው።

«ስሙ ተጽፎበት የለም እንዴ?» ተጽፎበታል፤ ግን ከፊቱ ጋር ሳይሆን በጀርባው፣ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ንስር ከያዘው ከግሪኮች አማልክት አለቃ ከዜውስ ኋላ። የሚለውም «የእስክንድር» ነው። ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ሥዕሉ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ አለዚያማ ዜውስም እስክንድር ሊባል ነው። ቆዳው ሄርኩለስ በኔሜያ የገደለው አንበሳ ነው፤ ጥርት ባለ ሳንቲም ላይ የፊት እግሮቹ ከአገጩ ሥር ተቋጥረው ይታያሉ። የመቄዶንያ ነገሥታት ዘራቸውን ከሄርኩለስ ይቆጥሩ ነበር። የእስክንድር አጎት ሦስተኛው ፔርዲካስ ይህንኑ ቆዳ የደፋ ራስ በብር ሲያስቀርጽ እስክንድር ገና አልተወለደም። ታዲያ ያም የእስክንድር መልክ ነው?

የንጉሡን መልክ የፈለገ ከሞቱ፣ ከ323 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ወዲህ ይፈልግ። ከጦር አዛዦቹ ግብፅን የያዘው በጥሊሞስ የዝሆን ራስ ቆዳ አስደፍቶ ቀረጸው። የትራቄው ሊሲማኮስ ደግሞ ከጆሮው በላይ የተጠማዘዘ የአውራ በግ ቀንድ አበቀለለት፤ እስክንድር በግብፅ ሲዋ በረሃ ድረስ ሄዶ ትንቢት የጠየቀው የአሞን የተባለው አምላክ ቀንድ ነው። ባለ ቀንዱን አሳዩኝ፣ ያኔ እስማማለሁ።

«እሺ፣ ቢያንስ በእሱ ዘመን የተሠራ ነው።» እሱም ላይሆን ይችላል። የሄርኩለሱ ሳንቲም ንጉሡ ከሞተ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ በየከተማው ታትሟል። ጠገራ ብር የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም፤ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታ፣ ያው ፊቷና ያው ዓመት ያለበት ብር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን እየታተመ በገበያችን ዞሯል።

«የግሪክ ፊደል ካለበት የግሪክ ነው።» የአክሱሙን የእንዱቢስን ሳንቲም እዩ፤ ጽሑፉ ግሪክኛ፣ ንጉሡ የእኛ።

«ከክርስቶስ ልደት በፊት 330 ይላል።» በዚህስ ሳቁ፤ ክርስቶስ ገና ሳይወለድ ማን እንዲህ ብሎ ይጽፍበታል?

«ክቡ ጠማማ ነው፣ ሥዕሉም ወደ ዳር ሸሽቷል፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው።» በእጅ፣ በመዶሻ የተመታ ነው፤ መሸሹ ያለ ነው። ጉጉት በተቀረጸበት በአቴና ከተማ ሳንቲም ጀርባ ላይ የምታዩት የመሮ ጠባሳም ብዙ ጊዜ የጥንት ነጋዴ ሥራ ነው፤ ብሩ ከላይ ብቻ የተለበጠ፣ ውስጡ መዳብ እንዳይሆን ፈትኖት ነው።

ይልቅ ጠርዙን እዩ። አንድ ደንበኛዬ ለጉብኝት ሄዶ በውድ የገዛውን «እስክንድር» ሲያመጣልኝ፣ ፊቱን ሳላይ ጠርዙን በጥፍሬ ዞርኩት፤ ዙሪያውን ሁለት የማፍሰሻ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር አለው፤ በመዶሻ የተመታ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሚዛን ላይ 11 ግራም ወጣ። የዚህ ዓይነቱ ሳንቲም ትክክለኛው፣ ባለ አራት ድራክማ የሚባለው፣ 17 ግራም ገደማ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተበልቶ ትንሽ ቢቀንስ እንጂ ስድስት ግራም የትም አይሄድም። ሰውየው ከዚያ በፊት በሎሚና በአመድ ፈትጎት ስለነበር እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ዋጋውን በገዛ እጁ አጥቦ ደፍቶት ነበር። ጥቁረቱን ተዉት፤ ሰብሳቢ የሚወደው እሱን ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ወዳለ ወርቅ ቤት ጎራ በሉና አስመዝኑት።