ቆዳና ሌጦ፦ ከአዳማ ጓሮ እስከ ሞጆ ፋብሪካ

ቆዳ ማልፋት ማለት ተትቶ ቢቀር የሚበሰብሰውን ጥሬ ቆዳ ለጫማ፣ ለቦርሳ ወይም ለጓንት የሚሆን ዕቃ ማድረግ ነው። በንግዱ አነጋገር ቆዳ የሚባለው የከብቱ ሲሆን የበግና የፍየሉ ሌጦ ይባላል። ለአዳማ ሰብሳቢዎች ቅርብ የሆነችው ሞጆ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች በብዛት ከሚገኙባቸው የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት።

የቆዳው ዕጣ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ነው። በበዓል ቀን በግ ሲገፈፍ ቢላ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ቅድ ብቻ ነው፤ ሌላውን በጡጫ እየገፉ ማላቀቅ ይገባል፤ በሥጋው በኩል ቢላ የጫረው ቦታ ሌጦው ሲሳሳ ቀዳዳ ይሆናልና። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ሌጦው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ካልጠገበ ፀጉሩ ጎተት ሲያደርጉት እየተነቀለ ይመጣል፤ ባክቴሪያ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አያዋጣም፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ እርጥበቱን ስለሚያፍነው ውስጡ ይበላሻል። በቅማልና በመሰል ተባዮች የሚመጣው እከክ ጥሎት የሚሄደው ነጠብጣብ ደግሞ ፀጉሩ እስኪወገድ ድረስ ተሸሽጎ ይቆያል።

በፋብሪካ ጨዉ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ኖራና ሰልፋይድ ፀጉሩን ያሟሙታል፤ ማሽንም ሞራውን ይፍቃል። ቀጥሎ ኖራው ተወግዶ ቆዳው በጨውና በአሲድ ይዘፈዘፍና፣ ሠራተኞች ድራም በሚሉት ተሽከርካሪ በርሜል ውስጥ የክሮሚየም ጨው ይጨመርበታል። ክሮሚየሙ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ቆዳውም ሰማያዊ ስለሚሆን በዚህ ደረጃ ዌት ብሉ ይባላል። መልፋቱን ለመፈተን ቁራጩን የፈላ ውኃ ውስጥ መክተት ይበቃል፤ ጥሬው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲኮማተር በሚገባ የለፋው ፍላቱን ይችላል። ከዚያ ማቅለም፣ ዘይት ማጠጣትና ማድረቅ ይከተላሉ።

ጀንዲውን፣ ስልቻውንና ጠፍሩን ያለ ክሮሚየም ሲያዘጋጁ የኖሩት ባለሙያዎች፣ ፋቂ እየተባሉ መናቃቸው ከሥራቸው ጥቅም ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ብራና ግን አይለፋም፤ ተወጥሮ እየተፋቀ ይደርቃል እንጂ።

የዛሬው ፈታኝ ጉዳይ ፍሳሽ ነው። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮሚየም ሲሶ ገደማው ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ የሞጆ ወንዝ ደግሞ መድረሻው ቆቃ ሐይቅ ነው። የሰልፋይዱና የአሲዱ ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሁለቱ ለየብቻ ተይዘው መጣራት አለባቸው።