ስትሪፕ ክራውን ምንድን ነው?

«የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይወድቃል፣ ተዪው!»

የ2 ዓመት ተኩል ልጅ የፊት ጥርሶቹ ጠቁረውና ተሸርፈው ሲታዩ፣ ከአያት አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ይኼ ነው። አያት አልተሳሳቱም፣ ይወድቃል። ግን መቼ? የላይኞቹ ሁለት የመሃል ጥርሶች የሚወልቁት ከ6 እስከ 7 ዓመት፣ አጠገባቸው ያሉት ደግሞ ከ7 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ገና 4፣ 5 ዓመት ይበላባቸዋል፣ ይስቅባቸዋል፣ «ፈ» ይልባቸዋል። (የላይ ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ካልነካ «ፈ» አትወጣም። እስቲ ሞክሩት።)

ጥርሱን እንዲህ ያደረገው «ትል» አይደለም። ብዙ ጊዜ ጡጦ ነው። ልጁ ወተት ወይም ስኳር ያለው ሻይ እየጠባ ያንቀላፋል። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ይቀንሳል፤ ጣፋጩ የላይኞቹ ጥርሶች ላይ ያድራል፤ ባክቴሪያ ወደ አሲድ ይቀይረዋል። የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል። ለዚህ ነው ላይ ያሉት አልቀው ታች ያሉት ነጭ ሆነው የሚገኙት። ጥርስ ሐኪሙ ገና እንዳየ «ማታ ጡጦ ይዞ ነው የሚተኛው?» ቢል ጥንቆላ አይደለም።

ወደ ስትሪፕ ክራውን እንምጣ። በጥርስ ቅርጽ የተሠራ፣ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ ነው። ስሙ ክራውን ይባል እንጂ አፍ ውስጥ አይቀርም። ግንባታ ያየ ሰው ካሳፎርማ ያውቃል፦ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቅርጹን ይይዛል፣ ከዚያ ይፈታል። ይኼም እንደዚያው ነው።

ሐኪሙ ያደነዝዛል፣ የበሰበሰውን ይጠርጋል፣ የቀረውን ጥርስ ዙሪያውን በትንሹ ይሞርዳል። ልክ የሚሆን ቆብ ይመርጥና ጥግ ላይ በመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ይበሳል፤ አየሩ በእሷ እንዲወጣ ነው። ቆቡን በኮምፖዚት፣ ማለትም አዋቂ ጥርስ በሚሞላበት ነጭ ማቴሪያል፣ ሞልቶ ጥርሱ ላይ ይጭናል። በድድ በኩል የተረፈውን ይጠርጋል። ሰማያዊ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች ሲበራበት ይጠነክራል። ፕላስቲኩ ተልጦ ይጣላል። ከሥር የሚወጣው ጥርስ ያምራል፤ አንዳንዴ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ይነጣል።

ጠላቱ እርጥበት ነው። ኮምፖዚት ደምና ምራቅ ከነካው አይጣበቅም፤ የተቆጣ ድድ ደግሞ ሲነኩት ይደማል። የሚያለቅስና የሚወራጭ የ2 ዓመት ልጅ አፍ ማድረቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጥርስ የተበላበት ልጅ አንዳንዴ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ፣ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ሁሉም ባንድ ቀን ይሠራለታል። ወጪውን የሚያከብደው ይኼ ነው።

ከጥርሱ የተረፈው ጥቂት ከሆነ ስትሪፕ ክራውን የሚይዘው ነገር ያጣል። ያኔ ዚርኮኒያ የሚባል፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነጭ ቆብ ይታሰባል። ጠንካራ ነው፤ ግን ስለማይታጠፍ ጥርሱ በቆቡ ልክ ይሞረዳል፣ እሱም ብዙ ነው። ብረቱ ቆብ በአብዛኛው የመንጋጋ ነው። ነርቩ ከተመረዘ ሥሩ ይጸዳና የሚሟሟ መድኃኒት ይሞላል፤ ሥሩ ራሱ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ለመልቀቅ ስለሚሟሟ። ድድ ላይ ብጉር የመሰለ መግል ካበጠ ብዙ ጊዜ መንቀሉ ይሻላል። መንቀል ደግሞ የዓለም መጨረሻ አይደለም፤ የፊት ጥርስ ቢጎድልም ልጁ መብላቱን ይቀጥላል።

ልጁ ከፍ እስኪል ጊዜ መግዣም አለ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ በብሩሽ ይቀባል፤ መሰርሰሪያም ማደንዘዣም የለም። መበስበሱን ሊያቆመው ይችላል፣ ግን የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። እኔ ብጠየቅ፣ ለፈራ የ2 ዓመት ልጅ ከጥቁሩ እጀምራለሁ፤ ማሳመሩ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ቀድሞ ማየት ነው። የልጁን የላይኛ ከንፈር ገለጥ አድርጉ። ከድዱ ጠርዝ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመር ካለ ገና አልተበሳም፤ በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል። የጥርስ ሳሙናው ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። የማታው ጡጦ ውስጥ ደግሞ ውኃ ብቻ።

ክራውኑ ከተሠራ በኋላ ሸንኮራ በፊት ጥርስ መጋጥ የለም። ቆሎም ወደ መንጋጋ ይሂድ። ከተሸረፈ ግን አትደንግጡ፤ ስትሪፕ ክራውን እዚያው ላይ ይጠገናል።