የአድሬናል ዕጢ «ከመጠን በላይ መሥራት» ምንድን ነው?

ፊቷ የከበበ፣ ሆዷ የሰፋ፣ ማጅራቷ ላይ ስብ የተከመረባት ሴት ሁሉ «የአድሬናል ዕጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው» ሲባል ሰሞኑን እንደገና ሰማሁ። ተናጋሪው በዚህ ሳያበቃ፣ የምትወስደው ኪኒን ካለ በዚያው ቀን ትተወው ሲል መከረ። የመጀመሪያው አባባል ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ሊገድል ይችላል። ድሬዳዋ ውስጥ በውስጥ ደዌ ሕክምና የምሠራ እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው ሆርሞን የሚያመነጨውንም ጤነኛ አካል፣ በሰውነት ላይ የበቀለውንም እባጭ ስለሆነ፣ ብዙ ሕመምተኞች ቃሉን ሲሰሙ ካንሰር የተነገራቸው ይመስላቸዋል። እዚህ የምናገረው ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ስለተቀመጡት፣ እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ስለሚመዝኑት ሁለት አካላት ነው። እነዚህ በእርግጥ ከመጠን ሊያልፉ ይችላሉ። ከሚያመነጯቸው ሆርሞኖች ጨውን የሚቆጣጠረው አልዶስተሮን ሲበዛ በብዙ መድኃኒት የማይወርድ የደም ግፊት ይመጣል። አድሬናሊንና መሰሎቹ ሲበዙ ልብ በድንገት ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ራስ ይፈልጣል፤ በእኛ አካባቢ ግን ይህን ከመጠርጠሬ በፊት ስለ ጫት እጠይቃለሁ፣ ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋልና። ሰውነት ሕመምንና ጭንቀትን እንዲቋቋም የሚረዳው ኮርቲዞል ሲበዛ የሚታየው መልክ፣ ማለትም ያ ክብ ፊትና ሰፊ ሆድ፣ ደግሞ አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1912 እና በ1932 የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው ነው። ስሕተቱ የሚበዛው በዚህኛው ነው።

ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ እናስብ። ፓምፑ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ይሠራ ይሆናል፤ ይህ በራሱ በአድሬናል ላይ የበቀለ እባጭ ነው። ወይም ፓምፑ ደኅና ሆኖ፣ «ሞልቷል፣ አቁም» የሚለው ተንሳፋፊ ተቀርቅሮ ይሆናል፤ ይህ ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው፣ ከራሳቸው ሰውነት ኮርቲዞል የበዛባቸው ሰዎች ከመቶ 70 ያህሉም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው፣ ከውጭ ቦቴ መጥቶ ሮቶውን እየሞላው ይሆናል፤ ይህ እንደ ኮርቲዞል የሚሠራ መድኃኒት ከውጭ ሲገባ ነው። ከመንገድ ሆኖ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ የሚያይ ጎረቤት ሦስቱን መለየት አይችልም። በሦስተኛው ቤት ግን ፓምፑ ከመጠን በላይ አይሠራም፤ ጭራሹን ቆሟል። ቦቴው ለወራት ከተመላለሰ ፓምፑ ይዝጋል፣ ያን ጊዜ ቦቴውን በአንድ ቀን የከለከለ ሰው ቤቱን ያለ ውሃ ያስቀረዋል። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ ፓምፕ በአንድ ቀን ይጠገናል፣ አድሬናል ግን እስኪነቃ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል።

በእኛ ዘንድ በብዛት የማየው ይህን ቦቴ ነው። የሚያወፍር ኪኒን እየተባለ የሚሸጠው ዴክሳሜታዞን፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የታዘዘ ፕሬድኒሶሎን፣ ክሎቤታሶል ያለበት የቆዳ ማቅሊያ ቅባት ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። ቅባት ከቆዳ አያልፍም የሚለው እምነት ትክክል አይደለም።

ከሐረር ጁገል የመጣች አንዲት ወጣት ለሠርጓ እንድትሞላ አክስቷ የሰጠቻትን ኪኒን አራት ወር ውጣ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰምታ በአንድ ቀን አቆመችው። በአምስተኛው ቀን እያስመለሳት፣ ግፊቷ ወርዶ፣ መቆም አቅቷት በቃሬዛ ገባች። ፊቷ ገና ክብ ነበር፤ በማግስቱ የመጣው የኮርቲዞል ውጤት ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የደም ናሙናዋ እንደተወሰደ፣ ውጤቱን ሳንጠብቅ የጎደለውን ኮርቲዞል የሚተካውን ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ሰጠናት።

ስለ ምርመራውም ልናገር፦ የኮርቲዞል ምርመራ ዴክሳሜታዞንን አይቆጥርም፣ ፕሬድኒሶሎንን ግን በብዙ መሣሪያዎች ላይ እንደ ኮርቲዞል ሊያነብ ይችላል። የኮርቲዞልን መብዛት ለማጣራት ማታ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ተውጦ ጧት 2 ሰዓት ደም የሚቀዳበት ምርመራ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ኪኒን በምትወስድ ሴት ላይ ሐሰተኛ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ሕመምተኛው በቤቱ ያለውን ኪኒንና ቅባት ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ አደርጋለሁ። ለሳምንታት የወሰደውንም ከሐኪም ጋር በመጠን እየቀነሰ እንጂ በራሱ እንዳያቆም አጥብቄ እነግረዋለሁ።

ወጣቷ የያዘችው ኪኒን ስም በሌለው ላስቲክ የተጠቀለለ ነበር። አግብታለች፤ በየጧቱ ሃይድሮኮርቲዞን ትውጣለች፣ በየጥቂት ሳምንቱም መጥታ የጧት ኮርቲዞሏን እንለካለን። ባለፈው ወር ትንሽ ከፍ ብሎ አየነው፤ መድኃኒቱን ለማቆም ግን ገና አይበቃም።