«ግንቡ ላይ ካልተቀረፀ ክሊፕ አይባልም»፦ ስለ ተማሪዎች ክሊፕ የሰለቹኝ እምነቶች

ክበባት በየትምህርት ቤቱ በተቋቋሙ ማግስት ስልኬ ይጠራል። «ጋሼ፣ ማኅበራዊ መልእክት ያለው ክሊፕ ልንሠራ ነው። ግጥሙ አልቋል፣ ቢቱም ተሠርቷል። እርስዎ የፋሲል ግንብን ብቻ ያስፈቅዱልን።» ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ገና አልነገሩኝም፤ ግንቡ ግን ተወስኗል። የእኔ እንጀራ ሰርግ መቅረፅ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቆም ካሜራዬን ይዤ የጎንደር ተማሪዎችን ማገዝ ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ልጆቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ፣ የሚሉኝ ነገር ግን ያው ነው። ዘንድሮ አፌ ከሚደርቅ ልጻፈው ብያለሁ።

«ጥሩ ካሜራ ያስፈልገናል።» አያስፈልጋችሁም። ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ብቻ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ጥረጉት፣ ቅባት ነክቶታል።

«ድሮን ካለ ያምራል።» ድሮን ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፤ ያለ ፈቃድ አስነሥታችሁ የሚመጣውን መዘዝ እኔ አልሸከምም። ደግሞስ ከላይ ሲታይ የሰው ፊት የት አለ? ከተማዋን ከላይ ማሳየት ካማራችሁ ጎሐ ኮረብታ ላይ ውጡ፤ የሚጠይቃችሁ እግር ብቻ ነው።

«ግንቡ ላይ ካልተቀረፀ ክሊፕ አይባልም።» እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ፋሲል ግንብን የሚጠላ ጎንደሬ የለም፣ እኔም አልጠላም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ማንም ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። ችግሩ ግንቡ የራሱ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። የዚህ ከተማ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ከዚያ በር ሥር እንዳቆምኩ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ተመልካች ግንቡን ሲያይ ወይ ሰርግ ነው ይላል፣ ወይ የቱሪዝም ማስታወቂያ። የእናንተ ዘፈን ጆሮው ጋ ሳይደርስ ዓይኑ ፍርዱን ሰጥቷል።

አንድ ዓመት ስለ ስደት የዘፈኑ ልጆች መጡ። በመተማ በኩል ስለሚወጡት ወጣቶች ነበር፤ ግጥሙ እውነት ለመናገር አንጀት ይበላል። ሁለት ቀን ሙሉ ግንቡ ውስጥ ቀረፅን። ዘፋኙ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ግድግዳ ተደግፏል፣ በቅስቱ ሥር ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ማማው ላይ ሆኖ ወደ ሩቅ ያያል። ማታ የተቆራረጠውን ገጣጥሜ ድምፁን ዘግቼ ለእናቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «ልጅቷን ግን ለምን አላሳያችሁም?» አለችኝ። የቷን ልጅ? «ሙሽሪቷን ነዋ!»

ከዘፈኑት ልጆች ሁለቱ የሚኖሩት መናኸሪያው አካባቢ ነው! ገና ጎህ ሳይቀድ ረዳቱ የሚጣራበትን ድምፅ እየሰሙ ነው ያደጉት። እናት ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥራ ልጇ ቦርሳ ውስጥ ስትወትፍ፣ ልጅየው ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር፣ አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ የእናትየው እጅ ባዶውን ሲቀር፤ ይህን ሁሉ በየቀኑ ያዩታል። ግን «እሱማ የሰፈራችን ነው፣ ምን ያምራል?» አሉኝ። ማማሩ አይደለም የተፈለገው ብዬ ጮህኩባቸው። መጮሄ ልክ አልነበረም፤ ያልኩት ግን ልክ ነበር።

ሥራውም ራሱ አይመችም። ትሪፖድ ይዛችሁ ስትገቡ እንደ ጎብኚ አትታዩም፤ ደብዳቤና ፈቃድ ትጠየቃላችሁ፣ መጠየቃችሁም ተገቢ ነው። በሩ የሚከፈተው ለስላሳዋ የጠዋት ፀሐይ ካለፈች በኋላ ነው፣ የማታዋም ሳትጠገብ ይዘጋል። በአብዛኛው የሚተርፋችሁ የቀትሩ ብርሃን ነው፤ ያ ደግሞ ከአናት ወርዶ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ይጥላል፣ ሰውን ሁሉ ያልተኛ ያስመስላል። ሰፈራችሁ ግን በር የለውም። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡና ቅረፁ፤ ያው ስልክ ሌላ ስልክ ይመስላችኋል።

ዘፈናችሁ ስለ ቅርስ ጥበቃ ከሆነ ግን ሂዱ። ያኔም ማማውን ትታችሁ ግድግዳ ላይ ስሙን በምስማር የሚጭር እጅ በቅርብ አሳዩ። (ካርቶን ላይ ጭቃ ለቅልቃችሁ! አንድ ቡድን እውነተኛው ግድግዳ ላይ ሊሞክረው ሲል ጥበቃው እጅ ከፍንጅ ይዞታል።) በነገራችን ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ስለ ሱስ በሚያወራ ክሊፕ ውስጥ እናስገባ ያላችሁ ልጆች፣ እስከ ዛሬ ምክንያቱን እየጠበቅኩ ነው።

«መልእክቱ በዘፈኑ በግልጽ ካልተነገረ ሰው አይገባውም።» አዝማቹ «ይቁም! ይቁም!» የሚል ዘፈን ስንት እንደደረሰኝ አትጠይቁኝ። እሱ የሰልፍ መፈክር ነው። እኛ እኮ ሰምና ወርቅ የሚቀኙ ሰዎች ልጆች ነን፤ አዝማሪ ሰውየውን ፊት ለፊት ሲወጋው ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል፣ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው።

ካገዝኳቸው ሁሉ የምወደው የአንድ የሴቶች ክበብ ሥራ ነው። በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ስለሚቀሩ ልጆች ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን ቃሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። ደወል ይደወላል። ክፍሉ ግር ብሎ ይወጣል። አንዲት ልጅ ብቻ ዴስኳ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች፣ ደብተሯን ታገላብጣለች፣ አትነሣም። በሩ ጋ የደረሰች ጓደኛዋ ዞር ብላ ታያታለች። ትመለሳለች። ምንም ሳትናገር ሹራቧን ታወልቅና እጅጌውን ይዛ ወገቧ ላይ ታስርላታለች። ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። የተቀረፀው በአንድ ክፍልና በአንድ መንገድ ነው፣ ወጪው የሻይ ነው። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ወንዶቹ መጀመሪያ አንሾካሾኩ፣ ሹራቡ ሲታሰር ግን ጭጭ አሉ።

በቀጥታ መነገር ያለበት መረጃ ካለ መጨረሻ ላይ በጽሑፍ አንድ መስመር አስገቡ። ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከሆነ ለምሳሌ የፌዴራሉም የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ይላል፤ የቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ይል ነበር። ይህን በዜማ ልትዘፍኑት ብትሞክሩ ቤት አይመታም።

«መጨረሻ ላይ ልጅቷ መሞት አለባት።» እባካችሁ አትግደሏት።

«ጓደኛችን ናት፣ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ያለ ዕድሜዋ የምትዳር ልጅ ሆና የተወነች ተማሪ ነበረች። ቬሎ የለበሰችበት አሥር ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ወጣ። አባትየው አይተው ደወሉልኝ፤ «ልጄን ማን ዳራት?» ሲሉኝ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ፊቱ የሚታይ ተማሪ ሁሉ ወላጁ ሳይፈርም ካሜራ አላነሣም።

«ለትምህርት ስለሆነ የሰው ዜማ ብንወስድ ችግር የለውም።» አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማሪያ የሚፈቅደው ነገር የተወሰነ ነው፤ የሰው ዜማ ላይ የራስን ግጥም ጭኖ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ከዚያ ውስጥ አይገባም። «ከ30 ሰከንድ ካነሰ ይፈቀዳል» የምትሉትን ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ። የራሳችሁን ዜማ ሥሩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ ማሲንቆ የሚጫወት ዘመድ የሌለው ጎንደሬ ካለ ይንገረኝ።

«ኤዲት ላይ ይስተካከላል።» ይህን የሚል ልጅ ኤዲት የሚያደርገው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንዳንዱ አይስተካከልም። የእኛ መብራት በ50 ሄርዝ ነው የሚሠራው፤ ስልካችሁን በሴኮንድ 30 ፍሬም (30 ምስል ማለት ነው) አድርጋችሁ ክፍል ውስጥ ከቀረፃችሁ አምፖሉ ሊርገበገብ፣ ምስሉ ላይም ጥቁር ጥቁር መስመር ሊሄድ ይችላል። 25 ፍሬም አድርጉት፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ። ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ ስትቀርፁ ስልኩ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና ፊቷን ያጠፋዋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ተጭናችሁ ያዙት። ከንፈር ብቻ አታንቀሳቅሱ፣ ከስፒከሩ ጋር ጮክ ብላችሁ ዝፈኑ፤ ጉሮሮ ካልሠራ ውሸቱ ያስታውቃል። የሚጎተት እንቅስቃሴ (ስሎው ሞሽን) ከፈለጋችሁ በ50 ፍሬም ቅረፁ፣ ዘፈኑን ግን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱና አብራችሁት ተጣደፉ። ኤዲት ላይ ወደ 25 ሲመለስ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ከንፈሩ ግን ከዜማው ጋር ይገጥማል። እስክስታውን በዚያ ፍጥነት ሲሞክሩት በሳቅ ሆዳችሁን ትይዛላችሁ፤ ለዚያ ጊዜ መድቡ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ ደወለ። ዘፈኑ ስለ ውሃ እጥረት ነው፣ ጀሪካን ተደርድሮ ስለሚታደርበት ሌሊት። «ፋሲል መዋኛ ላይ እንቀርፃለን ጋሼ።» ጀመርኩት፦ እናንተ ልጆች መቼ ነው የምትሰሙት፣ ሰልፉ ያለው ሰፈራችሁ፣ ቦኖው ያለው ሰፈራችሁ፣ ደግሞስ ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ አሁን ብትሄዱ ጠብታ አታገኙም፣ ደረቅ ድንጋይ ነው።

ልጁ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «እናውቃለን ጋሼ። ባዶውን ነው የፈለግነው። ጀሪካኖቹን ከታች ገንዳው ውስጥ ልንደረድራቸው ነው።»

ደብዳቤውን ትናንት አስገብቼላቸዋለሁ።